ለቅሶ የተቀመጡለት ዲኩላ

ሀምዱ የማይችለው አንድ ነገር ቢኖር መጠየቅ ነው። መስጠት ሲሆን እጁ ይፈጥናል፤ አፉን ከፍቶ "ስጡኝ" ማለት ግን ሞቱ ነው። ውሃ ጥም አንጀቱን እያሳረረው ሰው ቤት ቢገባ እንኳ "ውሃ አጠጡኝ" አይልም፤ "ዘንድሮ ምንጫችሁ እንዴት ነው?" ይላል። ነገሩ የገባው ሰው በጣሳ ቀድቶ ያቀርብለታል። ያልገባው ደግሞ ስለ ምንጩ ያወራለታል፤ ሀምዱም እንደጠማው መርቆ ይወጣል። ሚስቱ ፈይዛ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የዚህ ሰው አስተርጓሚ ሆና ኖራለች።

በዚያ ህዳር ግን የግድ መጠየቅ ያለበት ነገር ገጠመው።

ጊዜው ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ ከገባ ሦስት አራት ዓመት ቢሆነው ነው። የሀምዱ አንዲት ልጅ ፈርሂያ ከጅዳ መጥታለች። ባሏ ሃሩን እዚያው ሾፌር ነው፤ እሷን ወደ እናቷ የላካት ነፍሰ ጡር በመሆኗ ነው። የመጀመሪያው ፅንስ እዚያው ጅዳ፣ የሰው ቤት ደረጃ ስትወለውል፣ በአምስተኛው ወር ወርዶባታል። ይህኛው አምስት ወር ሊሞላው ጥቂት ቀን ነው የቀረው፤ ሆዷ ደግሞ እህል አልቀበል አለ። ፈይዛ ያልሞከረችው የለም። አጥሚት አለች፣ ቂንጬ አለች፣ የዶሮ መረቅ አለች፣ ከመካነ ሰላም ሱቅ ብስኩት አስመጣች። ሁሉም በገባበት ተመለሰ። የጤና ጣቢያው ነርስ "ፅንሱ ደህና ነው፤ እናትየዋ ግን መብላት አለባት" ብሎ ሸኛቸው። ይህንንማ ፈይዛም አላጣችውም።

ማክሰኞ ጠዋት ፈርሂያ መደቡ ላይ እንደተጋደመች፣ ፊቷ ከነጠላዋ ነጥቶ፣ "እማ" አለች፤ "ልጅ ሆኜ አባ የሚያመጣው የዲኩላ ጥብስ አማረኝ።"

ፈይዛ ይህን ስትሰማ ማሰሮውን ጥላ ወደ አውድማው ሮጠች። የነፍሰ ጡር አምሮት ቀልድ አይደለም፤ ያማራትን ያላገኘች ሴት ምን እንደምትሆን አገሩ ሁሉ የየራሱ ወሬ አለው። ሀምዱ ግን ከመፍራቱ በፊት ደስ አለው። ያ ሁሉ ሱቅና ሕንፃ አለበት ከሚባለው ከጅዳ የመጣች ልጁ፣ ጅዳ የሌለውን፣ አባቷ ብቻ የሚያመጣውን ነገር ጠየቀች። ገብስ የሚያበራይበትን ጅራፍ ጥሎ ከአባቱ የወረሰውን ምንሽር ሊያወርድ ሄደ። እጁ ጠመንጃው ላይ እንዳረፈ አንድ ነገር ትዝ አለውና ቆመ።

ተራው የእሱ አልነበረም።

ሀምዱ የሚያድነው ከተረፈ ጋር ነው። ተረፈ የቄስ ልጅ ነው፤ ዳዊት ጨርሶ ለድቁና ሲታጭ አደን በልጦበት ትምህርቱን የተወ፣ ነገር የሚያምርበት ሰው። ጠመንጃው የሀምዱ ነው፣ ዓይኑ የተረፈ ነው፤ ሀምዱ ሩቅ ማየት ከተሳነው ቆይቷል። ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ የጸና ስምምነት አላቸው። አንዱ አውሬ ሲወድቅ ሀምዱ ቢስሚላህ ብሎ ያርደዋል፣ ስጋው ሀምዱ ቤት ይገባል። የሚቀጥለውን ተረፈ በስመ አብ ብሎ ያርደዋል፣ ስጋው ተረፈ ቤት ይገባል። እስላሙ የክርስቲያኑን፣ ክርስቲያኑም የእስላሙን ስጋ ስለማይቀምስ ለሁለት መካፈል የሚባል ነገር የለም። ተራው ያልሆነው ቆዳውንና ቀንዱን ይዞ በደስታ ይገባል። መንግሥት ሄደ፣ መንግሥት መጣ፤ ይህ ተራ አልተዛነፈም።

"ለአያ ተረፈ ይንገሩት" አለችው ፈይዛ። "ልጄ ታማለች፣ ተራህን ልቀቅልኝ ይበሉት። ምን አለበት?"

"ሰውየው እኮ የነቢያት ጾም ሊገባበት አምስት ቀን ነው የቀረው። አርባ ሦስት ቀን በሽሮ ሊከርም ነው። የመጨረሻ ስጋውን ከአፉ ልንጠቀው?"

"ታዲያ ምን ሊያደርጉ ነው?"

"አላህ ያውቃል። ምናልባት ሁለት ይወድቅልን ይሆናል።"

"በአንድ ጥይት?"

በቤቱ የቀረችው ጥይት በእርግጥም አንዲት ናት። ፈይዛ ባሏን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ዱቄት እንደጎደለባት ሴት፣ ቁና እንኳ ሳትይዝ ወደ ተረፈ ሚስት ወደ የሺእመቤት ቤት ወረደች።

ሐሙስ ሲነጋጋ ሁለቱ ወዳጆች ወጡ። የገብሱ ማሳ ግማሹ ታጭዷል፣ ግማሹ ወርቅ መስሎ ቆሟል። ተረፈ መንገዱን ሙሉ እንግዳ ሆነበት። "ቤት ደህና ናቸው?" ይለዋል። "አልሀምዱሊላህ።" ጥቂት ሄዶ ደግሞ፣ "ፈርሂያስ ደህና ናት?" "ደህና ናት።" ትንሽ ቆይቶ፣ "የምትነግረኝ ነገር የለም?" ሀምዱ ጉሮሮውን ጠረገ። አሁን ልናገር አለ በልቡ። "ዘንድሮ ዲኩላው እንዴት ነው?" ብሎ ጠየቀ። ተረፈ ቆሞ ሰማዩን አየና መንገዱን ቀጠለ።

ጫካው ከገደሉ አፍ ጋር በሚገናኝበት፣ የአስታው ቁጥቋጦ ጥቅጥቅ ባለበት ቦታ ሲደርሱ፣ ከፈፋው ማዶ አንድ ወንድ ዲኩላ ቆሞ አገኙ። ጥቁር፣ የደለበ፣ ቀንዱ ወደ ላይ የተጠመዘዘ። ከእሱ አለፍ ብሎ የጭላዳ መንጋ ተቀምጦ ሣር ይነጫል። ተረፈ በደረቱ ተኛ፣ ምንሽሩን ድንጋይ አስደገፈ፣ "በስመ አብ ወወልድ" አለ በሹክሹክታ። ያን ጊዜ ሀምዱ ሳያስበው ከጎኑ "ቢስሚላህ" አለ። ተራው እንዳልሆነ ያውቃል፤ አፉ ግን ልጁን እያሰበ ቀደመው።

ጥይቷ ጮኸች። ዲኩላው ባለበት ተዘረረ። ጭላዳዎቹ እየተንጫጩ ገደል ገቡ።

ፈፋውን ለመሻገር ዙሪያ መሄድ ግድ ነው። ሲሮጡ፣ ሲንሸራተቱ፣ አንዱ ሌላውን ሲጎትት ማዶ ወጡና ከአስታው ብቅ አሉ። ብቅ እንዳሉም ሁለቱም ባሉበት ቆሙ።

ጥይት ሲሰማ ድራሹ ይጠፋል የሚባለው የጭላዳ መንጋ ተመልሷል። መመለስ ብቻ አይደለም፤ ዲኩላውን ከቦ፣ ሃያ የሚሆን ነፍስ፣ ዝም ጭጭ ብሎ ተቀምጧል። አንድ ጎፈሩ ትከሻው ላይ የተበተነ ሽማግሌ ራስጌው ላይ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ ጥሎ አቀርቅሯል። አንዲት እንስት የዲኩላው አንገት ሥር ተመቻችታ ፀጉሩን በጣቷ እየገለጠች ቅማል ትለቅምለታለች፤ ያገኘችውን ወደ አፏ ትሰዳለች። አንድ ግልገል ጅራቱን ይዞ ይጎትታል፤ እናቱ በጥፊ ትለዋለች።

"ሀምዱ" አለ ተረፈ ትንፋሹን ውጦ፤ "እኔ የማየውን ታያለህ?"

"አያለሁ። ለቅሶ ተቀምጠዋል።"

"ወላሂ ድንኳን ብቻ ነው የጎደላቸው" አለ ተረፈ።

"ያንን ጎፈራሙን እየው! ጆሮው የተቀደደውን! ይህ እኮ የኔ ሌባ ነው። ገብሴን ጥቅምትን ሙሉ የጨረሰው እሱ ነው። እንዲህ አዛኝ መሆኑን ማን ያውቃል?" አለ ሀምዱ።

ሁለቱም አፋቸውን በጋቢያቸው አፍነው ሳቁ። ሀምዱ በዕድሜው ነብር አይቷል፣ ቀይ ቀበሮ ከጭላዳ ጋር በሰላም ሲውል አይቷል፤ ጭላዳ ለወደቀ ዲኩላ ማስተዛዘኛ ሲቀመጥ ግን አላየም። ሳቁ መሃል ዓይኑ የዲኩላው ሆድ ላይ አረፈ። ሆዱ ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ይላል። ነፍሱ አልወጣችም። አሁኑኑ ካልታረደ ደግሞ ለእስላምም ለክርስቲያንም የማይሆን በድን ነው።

ተረፈም አይቷል። ቢላዋውን ግን ከወገቡ አልመዘዘም። "ያንተን ቢላዋ አውጣ" አለ። "ቢስሚላህ በልና እረደው።"

የሀምዱ ልብ ዘለለ። አፉ ግን ወጉን ያውቃል። "እንዴት ተደርጎ! ተራው ያንተ ነው።"

አንድ።

በዚያ አገር የሚሰጡትን በአንድ ቃል መቀበል ነውር ነው። የመጀመሪያው እንቢታ ለወግ ነው፤ ሁለተኛው ለሰጪው ክብር ነው። ሰው በሦስተኛው ላይ አንገቱን ደፍቶ "ካልክማ እሺ" ይላል። ሀምዱ ይህን ሥርዓት ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ነው። ሦስተኛው ላይ እቀበላለሁ ብሎ በልቡ ወስኗል።

"ስለ ጾሙ ነው?" አለ ተረፈ። "ጾሙ ሊገባ ነው፣ እኔ በመጨረሻው ሰዓት ስጋ በልቼ ሆዴን ላበላሸው? ቂብላው በዚያ በኩል አይደል? በል አዙረው።"

"አይሆንም ተረፈ። የሺእመቤት ምን ትለኛለች?"

ሁለት።

"በሞቴ! በማርያም ይዤሃለሁ! እረደው አንተ ሰው!"

ሦስት። አሁን ነው። ሀምዱ አንገቱን ደፋ፣ የቢላዋውን እጀታ ጨበጠ፣ ሊል የፈለገውን በሚገባው ትሕትና ለማለት አንድ ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። በዚህ መሃል ቅማል ለቃሚዋ የዲኩላውን አንገት ጨርሳ ወደ ጆሮው ተሻግራ ነበር። ጣቷን እስከ ሥሩ ሰደደችው።

ዲኩላው አስነጠሰ።

"ካልክማ እ…" አለ ሀምዱ።

ዲኩላው በአራት እግሩ ቆመ። እንደ ሰከረ ሰው አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ዘመመ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ዙሪያውን የተቀመጡትን ለቀስተኞች ተራ በተራ አየ። ለቀስተኞቹም አዩት። ከዚያ ሃያው ጭላዳ በአንድ አፍ ጮኸ። ግልገሉ ጅራቱን እንደያዘ ሁለት እርምጃ ተጎተተና ተፈናጥሮ ወደቀ። ዲኩላው ቁጢጥ ባለው በተረፈ ራስ ላይ ዘሎ፣ አስታውን ሰንጥቆ፣ ጫካው ውስጥ ገባ።

"…ሺ" አለ ሀምዱ።

ጆሮ ቀዳዳው ሽማግሌ ከሁሉም ኋላ ቀረ። ላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን እስከ አፍንጫው አሳያቸው፣ ቀስ ብሎም ወደ ገደሉ ሄደ። የሀምዱን ገብስ ሲጨርስም እንዲሁ ነው የሚያደርገው።

ተረፈ ከመሬት ሳይነሳ ጥቂት ቆየ። ዲኩላው በወደቀበት ሣር ላይ ጠብታ ደም የለም፤ አውራ ጣት የምታክል የቀንድ ጫፍ ብቻ ተቆርጣ ወድቃለች። ጥይቷ ቀንዱን መትታ አደንዝዛው ኖሯል። ተረፈ የቀንዷን ስባሪ አንስቶ እያገላበጠ፣ "ቢስሚላህ ስትል ሰምቼሃለሁ" አለ። "እኔ በስመ አብ፣ አንተ ቢስሚላህ። ጥይቷ ታዲያ የማንን ትስማ? መሃል ለመሃል አለፈች።"

ሀምዱ አልሳቀም። ተረፈ ያን ጊዜ ተናደደ።

"ለምንድነው መጀመሪያ ስልህ ያላረድከው?"

"ሦስተኛው ላይ ልቀበልህ ነበር።"

"ፈርሂያ እህል ሳትቀምስ አንተ ሦስት ትቆጥራለህ?"

ሀምዱ ቀና አለ። "ማን ነገረህ?"

"ፈይዛ ለየሺእመቤት፣ የሺእመቤት ለእኔ። ከአፍህ እንዳይወጣ ብላ አስምላኝ ነው። ማክሰኞ ማታ ይመጣል አልኩ፤ ቀረህ። ረቡዕ ይመጣል አልኩ። ዛሬ መንገዱን ሙሉ አፍህን ስቆፍር አረፈድኩ። አንተ ግን ዘንድሮ ዲኩላው እንዴት ነው ትለኛለህ! እኔ ላንተ ባዳ ነኝ?"

"አፍሬ ነው" አለ ሀምዱ። ቢላዋው እጁ ላይ እንዳለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። "ተረፈ፣ ልጄ ልትሞትብኝ ነው ብዬ ፈርቻለሁ። የመጀመሪያው በአምስት ወሩ ነው የሄደው። ይህም ሊሞላው ነው። ፈርቻለሁ።"

የተረፈ ንዴት ወዲያው በረደ። አጠገቡ ተቀመጠና ትከሻውን ያዘው። "አብሽር" አለው። "እሷን የሚያህል ጠንካራ ልጅ አላየሁም። አብሽር። አሁን አብረን ሄደን እንነግራታለን። እኔ ነኝ የሳትኩት፤ እኔ እናገራለሁ።"

"አይሆንም፣ እኔ እናገራለሁ።"

"ደግሞ ጀመርክ?" አለ ተረፈ። በዚህ ጊዜ ሁለቱም ሳቁ፤ ሀምዱ ሲስቅ እንባውም አብሮ ወረደ።

ከቀትር በኋላ ባዶ እጃቸውን ሲገቡ ፈይዛ አየቻቸውና ወደ ጓዳ ዞረች። ፈርሂያ መደቡ ላይ ተቀምጣ ከጅዳ ባመጣችው ቴፕ ለሃሩን ካሴት ትቀዳለች። የአገሩ ሰው ከባሕር ማዶ ካለ ዘመዱ ጋር የሚነጋገረው እንዲያ ነበር። ካሴቱ በአይሱዙ ሾፌር እጅ ደሴ ይደርሳል፣ ከዚያ ወደ ጅዳ የሚሄድ ሰው እስኪገኝ ይጠብቃል። ሁለቱ ሲገቡ እንግዳ ለመቀበል ብድግ አለችና ቴፑን ማጥፋት ረሳችው።

"አባ፣ አልቀናችሁም?"

ሀምዱ የቀንዷን ስባሪ መዳፏ ላይ አኖረላት። "ዲኩላው ይህን ላከልሽ። ሌላውን ሰውነቱን ይፈልገዋል።"

ከዚያ መንገር ጀመረ። ቢስሚላህና በስመ አብ መሃል ያለፈችውን ጥይት ነገራት። ጭላዳዎቹ ለቅሶ መቀመጣቸው ጋ ሲደርስ ተረፈ ዝም ማለት አቃተው፤ ከሀምዱ ኋላ ቁጢጥ ብሎ የሀምዱን ጥምጣም አወለቀና ራሱ ላይ ቅማል ይለቅም ጀመር። ያገኘውን በጥንቃቄ እያየ ወደ አፉ ይሰዳል። ፈርሂያ መጀመሪያ ፈገግ አለች። ቀጥሎ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሀምዱ "ካልክማ እ…" ብሎ አፉን ከፍቶ ሲቀር፣ ተረፈ ደግሞ ዲኩላ ሆኖ ሲያስነጥስ፣ ከት ብላ ስቃ ሆዷን ይዛ ተንከባለለች። ቤቱ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሳቅ ከተሰማ ወራት አልፎ ነበር።

ፈይዛ ለወንዶቹ እንጀራና ሽሮ አቀረበች። "አያ ተረፈ፣ ይቅረቡ" አለችው። ሁልጊዜ "በልቼ ነው የመጣሁ" የሚለው ተረፈ፣ "እሺ!" ብሎ ጨርሳ ሳትናገር ቆረሰ። ፈርሂያ እንደገና ሳቀች። እየሳቀችም፣ ዓይኗ አባቷ ላይ እንዳለ፣ እጇ ወደ መሶቡ ሄደ። ቆረሰች፣ ሽሮውን አጠቀሰች፣ ጎረሰች። ደገመች።

ፈይዛ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ለባሏ በዓይኗ ምልክት ሰጠችው፤ ወሬውን እንዳያቆም።

"አባ፣ ከዚያስ?" አለች ፈርሂያ በሞላ አፏ።

ታሪኩ ግን አልቋል። ዲኩላው ሄዷል፣ ጭላዳዎቹ ሄደዋል። ሀምዱ ዕድሜውን ሙሉ ውሸት ተናግሮ የማያውቅ ሰው ነው። ልጁን አያት፣ መሶቡን አየ።

"ሃያ ናቸው አልኩሽ?" አለ። "ስልሳ ይሆናሉ እንጂ።"

"ወላሂ ስልሳ ናቸው" አለ የቄሱ ልጅ።

ከዚያ በኋላ ጭላዳዎቹ ዕድር አቋቋሙ፣ ዳኛ መረጡ፣ ጆሮ ቀዳዳው ሽማግሌ በገብስ ሌብነት ተከሶ ቀረበ፣ ዲኩላው ምስክር ሆነ። ሀምዱ ላቡ እየወረደ አወራ። ፈርሂያ አንድ እንጀራ ጨርሳ ሁለተኛውን እስክታጋምስ ድረስ ችሎቱ አልተነሳም። የበላችውም ያን ቀን አልተመለሰም፤ በማግሥቱም አልተመለሰም።

ገና ካለፈ በኋላ የሃሩን ካሴት መጣ። ፈርሂያ ሰባት ወር ገብታለች፤ ሆዷ ገፍቶ ቴፑን እላዩ ላይ አድርጋዋለች፣ ውስጥ ያለው ሲራገጥ ቴፑ ይነቃነቃል። ተረፈና የሺእመቤትም ለመስማት መጥተዋል። ሃሩን ሁሉንም በየስማቸው ሰላም አለ። ስለ ዲኩላው ሰምቶ የጅዳ ጓደኞቹ ሁሉ እየመጡ ካሴቱን አስደግመው እንደሚስቁ ነገራቸው። ከዚያ ድምፁ ቀነሰ።

"አባ ሀምዱ፣ እኔ ግን መልሼ መላልሼ የምሰማው ሌላ ቦታ ነው። እርስዎ 'ስልሳ ይሆናሉ' ከሚሉበት በታች ፈርሂያ ስታኝክ ይሰማል። ምን እየበላች እንደሆነ አላውቅም። እዚያ ቦታ ላይ የካሴቱ ክር ሳስቷል፣ ሊበጠስብኝ ነው። ለእናንተም ቀድቼዋለሁ፤ ይኸው ስሙት።"

ቴፑ ተንኮሻኮሸ። የሀምዱ ድምፅ ከሩቅ መጣ፤ ስልሳ ይሆናሉ እንጂ። ከሥሩ፣ ቀስ ብሎ፣ የሚያኝክ አፍ ተሰማ።

ፈይዛ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ሀምዱ ወደ ቴፑ ጎንበስ አለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ተረፈ አየውና ጠበቀ።

"ፈርሂያ" አለ ሀምዱ፤ "እባክሽ ልጄ፣ ከዚያች ላይ መልሰሽ አሰሚኝ።"

ፈርሂያ ካሴቱን ወደ ኋላ መለሰችው።